ጎኑን ብቻ አስተካከልኩላት

ጥር 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታ በኋላ ይሁን። ባለፈው በስልክ «አባቷ እኔ ነኝ» ብዬ መጮኼ ልክ አልነበረም። እርስዎም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተውብኛል፤ ስለዚህ ጥፋቱ እኩል ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ጠዋት ስጸልይ ሳስበው ግን ሦስት አራተኛው የእኔ ነው። «ከእንግዲህ በጽሑፍ አድርገው፣ በስልክ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ነው የምናወራው» ያሉትን ተቀብያለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው። እንግዲህ እንደሚሆን አድርገው ያንብቡኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ራሷ ናት የተላጨችው። እጄን አላነሳሁባትም፤ አስገድጄም አላስቆረጥኳትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉር ቤቱ እንደሚያውቁት ከሳሎናችን ጋር በአንድ በር ይገናኛል። እሑድ ስለማልሠራ የማሽን ድምፅ ስሰማ ማን ገባ ብዬ ሄድኩ። ልጄ ጭራሮ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያ እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዛ ትጎነጉነው የነበረው ፀጉር ወለሉ ላይ ፈስሷል። ግማሹ እስከ ቆዳው ተላጭቷል፤ ግማሹ ከብት የጋጠው ሣር መስሏል። በመስታወቱ አየችኝ። በመስታወቱ አየኋት።

ያደረግኩትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ልንገርዎ። ማሽኑን ከእጇ ወሰድኩ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ አደረግኩ፣ ጎኑን አስተካከልኩላት። ኋላውንም አመጣጠንኩት። ከዚያ እንደማንኛውም ደንበኛ ትንሿን መስታወት ከኋላ ይዤ አሳየኋትና «ያምርብሻል» አልኳት። እውነትም ያምርባት ነበር። ተነስታ ክፍሏ ገባች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፤ «እሺ» እና «አልፈልግም» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም።

ትምህርት ቤቷ አስጠርተውኝ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጆችንና ወላጆችን አብራ የምታይ አማካሪ አለች፣ ውሰዳት ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ልጄ አላበደችም አልኳቸው። ማን አበደች አለ አሉኝ። ወረቀቱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ልውሰዳት፣ እኔ ጋ ትደግ ያሉትን አስቤበታለሁ። እህትዎ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ ብቻዬን ማሳደግ እንደማውቅበት ማስመሰሉ ደክሞኛል። እስከዚያ ካልተሻላት፣ እሷም ከፈለገች፣ አላስቀራትም። ይኼን በእጄ ጽፌ ሰጥቼዎታለሁ። ይችን አንዲት መስመር ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ንጹሑን ወለል ጠርጌያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ፖስተኛው ለጭራሮ ኤንቨሎፕ አምጥቶላት ነበር፤ ጽሕፈቱ የእርስዎን ይመስላል። አልከፈትኩትም። ምን እንደሚል ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
የጭራሮ አባት


ጥር 23

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ በቀይ እስክሪብቶ፣ ልማድ አሸንፎኝ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አስቀምጬ።

እጅህን አንስተህባት እንደሆነ የጠየቅኩህ ሳላውቅህ ቀርቼ አይደለም። ሰው ሲጨንቀው የማይጠይቀው የለም፤ ይቅር በለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም፣ ተቋርጦ ነው። እሺ፣ ዘግቼዋለሁ።

ኤንቨሎፑ የእኔ ነው። ቀድማ ጻፈችልኝ፣ መለስኩላት። እሷ ያለችውንም እኔ ያልኩትንም አልነግርህም። ፈቃድ ስትሰጠኝ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያ አትጠይቀኝ፣ እሷንም አታስጨንቃት።

አሁን ስለ ኪስህ ወረቀት። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ መስኮት ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ዝም ያለች ልጅ ጠፍታብኝ አታውቅም። በየዓመቱ ልጅቷ ሌላ ናት፣ ወንበሩ ያው ነው። እኔ የማውቀው ክፍልፋይ ነው፤ ክፍልፋይ አስተማርኳት፣ ፈተናውን አለፈች፣ ዝምታዋን እንደያዘች ሄደች። ያኔ እንዲህ ያለ ሰው በአካባቢያችን ቢኖር ኖሮ በጀርባዬ አዝዬ እወስዳቸው ነበር። እግሯ ቢሰበር ሐኪም ቤት ትወስዳት የለ? ነገ ውሰዳት። ነገ ስል ደግሞ ነገ ማለቴ ነው።

«ያምርብሻል» ያልካት ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፤ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ።

ለሰኔ ክፍሏን ማሰናዳት ጀምሬያለሁ። አልደብቅህም።

እህትህ


የካቲት 27

ይድረስ ለእትዬ፣

«ነገ» ያሉት ስድስት ቀን ፈጀ እንጂ ሄደናል። ከሄድንም አራተኛ ሳምንታችን ነው፤ በየሐሙሱ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ይተዉት ያልኩዎትን እንዳልሰሙኝ አውቃለሁ።

እንዴት ያለ ቦታ ነው ላሉኝ፦ ትንሽ ክፍል ናት። ሦስት ወንበር፣ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርቶን ሶፍት። መስታወት የለም። እትዬ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ከጀርባው ቆሜ፣ በመስታወት እያየሁት ነው። ፊት ለፊት ተቀመጥ ሲሉኝ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ተነስቼ ቆምኩ። አማካሪዋ ወጣት ናት፤ በፈገግታ ይቀመጡ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ልብ ስል የጭራሮ ወንበር ጀርባ ቆሜያለሁ።

እንቅልፍ እንዴት ነው ብላ ጭራሮን ጠየቀቻት። ደህና ነው አልኩ። ምግብስ? ይዘጋታል ግን ትበላለች አልኩ። ጓደኞችስ? ሁለት አሏት አልኩ። በመጨረሻ አማካሪዋ፣ ጥያቄውን ለልጅዎ ብጠይቅ ቅር ይልዎት ይሆን ወይ አለችኝ። አነጋገሯ ትህትና የተሞላበት ነበር፤ እኔ ግን ትህትናውን ያስተዋልኩት ኮሪደር ላይ ሆኜ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ምን ብላ ነገረቻት ይሉኛል። አላውቅም። ልጅቷን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ካልሆነ በቀር ለአባትም አይነገርም፣ ሕጉ ነው አለችኝ። ሁለት ቀን ቅር ብሎኝ ከረመ። ከዚያ ራሴን ስመረምር፣ እኔስ ስንቱ ሰው ወንበሬ ላይ ሆኖ የነገረኝን ለእህትዎ እንኳ መች ነገርኳት? ሙያ ሙያን ያከብራል ብዬ ተውኩት።

ደንበኛዬ የታክሲ ሾፌሩ ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትጠፋው ሲለኝ ጥርስ ሐኪም ጋ አልኩት። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ፣ ለመሆኑ ስንት ጥርስ ነው ያለህ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሊወጣ ሲል ከበሩ ተመልሶ የቦታውን ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፤ ለሁለተኛው ልጁ ነው።

ጭራሮ በአውቶቡስ ስንመለስ መስኮቱን ታያለች። ባለፈው ሐሙስ ግን «አባባ፣ ዛሬም ደግሞ ቆመህ ነበር» አለችኝ። አምስት ቃል ነው፤ ቆጠርኩት። ስንወርድ ፈጣሪን በልቤ አመሰገንኩ፤ ጮክ ብል ታፍርብኛለች።

አክባሪዎ


መጋቢት 27

ይድረስ ለእትዬ፣

ለምን ጠፋህ ላሉኝ፣ የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። የተከመረ ነገር ከየት እንደሚነሳ ግራ ገብቶኝ ነው።

አማካሪዋ አንድ ሐሙስ ብቻዬን አስጠራችኝ። ስለ ልጅቷ እናት ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ያወሩት መቼ ነው አለችኝ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት አወራለሁ አልኳት። ከማን ጋር አለችኝ። ከፈጣሪ ጋር አልኳት። አልሳቀችም። ከልጅዎ ጋርስ ስትለኝ ግን አንድም ቀን ፈልጌ አጣሁ። ከቀብሯ ወዲህ አንድም ቀን፣ እትዬ።

ምክንያቱን ሳወጣ ሳወርድ አገኘሁት። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ አንድ ሕግ ነበረው፦ ሐዘን ያለበት ሰው ወንበርህ ላይ ሲቀመጥ አትጠይቀው። እሱ ካነሳው አዳምጥ፣ ካላነሳው ስለ አየሩ አውራ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ስንት ሰው አሳርፌበታለሁ። ይኼንኑ ሕግ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። እሷ ታነሳዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ለገዛ ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አየሩ አወራሁላት። ነፋስ አለ፣ ሹራብ ልበሺ። ደመናው ከብዷል፣ ጃንጥላ ያዢ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለታችንም ባለንበት ይኼንኑ ነገርኳት። ጉልበቴን ይዤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ፊት ለፊት። እሷም «ፀጉሬን የላጨሁት እኮ እንድትጠይቀኝ ነው» አለች። «ምን ሆነሽ ነው እንድትለኝ። ብትጮህብኝም ግድ አልነበረኝም። አንተ ጎኑን አስተካከልክልኝ።»

እጄ ሳላዝዘው ማበጠሪያ ፍለጋ ኪሴ ገባ።

«ትንሿን መስታወት ይዘህ ኋላዬን አሳየኸኝ እኮ» አለች። አለቀሰች ስል፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አማካሪዋ ልትኮሳተር ሞክራ አልሆነላትም። ሳቁ እንዴት እንደተገለበጠ አላውቅም፤ ብቻ የሶፍቱ ካርቶን አለቀና ከመሳቢያ ሌላ ወጣ። ከዚያ ጠየቅኳት። «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አልኳት፤ ሁለት ዓመት የዘገየች ጥያቄ። የመለሰችልኝን አልጽፍልዎትም። የክፍሉን ሕግ ነግሬዎታለሁ።

አሁን የቤት ሥራ አለብኝ፤ ባርባ ስድስት ዓመቴ። በየቀኑ ራት ላይ ስለ እናቷ አንድ ነገር መንገር። ትልቅ ነገር አይሁን ተብያለሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ እናትሽ ማፏጨት አትችልም ነበር፣ ግን ሳህን ባጠበች ቁጥር ትሞክር ነበር አልኳት። ጭራሮ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እኔም አልችልም» አለች። ሁለታችንም ሞከርን። የሾርባው ነገር አይነሳ፤ ጠረጴዛውን ወለወልኩ።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 21

ወንድሜ፣

ትበላለች ወይ ብዬ ስጠይቅህ «ትበላለች፣ ታወራለችም፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ» ብለህ የጻፍክልኝን ካርድ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ደስ ብሎኛል። ደስ ካለኝ በኋላ ደግሞ ከፋኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ይኼን መደመር አቃታት።

ንገሪው ብላ ስለፈቀደችልኝ የያዝኩብህን ልልቀቅ። ፀጉሯን በተላጨች ማግስት የጻፈችልኝ ሁለት መስመር ነው። «አክስቴ፣ እዚህ ቤት እናቴ ኖራ የማታውቅ ነው የሚመስለው። አንቺ ጋ ልምጣ?» እኔም አንተን ሳልጠይቅ «ነይ» አልኳት። ከዚያ ነው ደውዬ ሐሳቡ ከእኔ የመጣ ያስመሰልኩት። በሐዘንህ ላይ ላለመጨመር ነበር። ለእሱም ቢሆን ይቅርታ።

ክፍሉን ቢጫ አስቀባሁት። ቀለም ቀቢው ለማን ነው ቢለኝ «ለልጄ» አልኩት፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ታውቃለህ፣ አልወለድኩም። ያሳደግኳት ታናሼን ነው። ቀለም ቀቢው ከሄደ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ልጅቷን የምፈልጋት ለልጅቷ ብዬ ነው ወይስ ታናሼን መልሼ ላገኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ለተማሪ የማልሰጠው ጥያቄ ነው፤ መልሱን እኔም አላውቀውም።

ሰኔ 25 መኪና ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። ነይ ከተባልኩ እመጣለሁ፣ አትምጪ ከተባልኩ እቀራለሁ። ትወስን። አንተ ግን እባክህ እንደ ደንበኛ «እንደፈለግሽ» አትበላት።

እህትህ


ሰኔ 4

ይድረስ ለእትዬ፣

ይቅርታው ከእኔ ነው እንጂ ከእርስዎ አይደለም። ልጅ በር ስታንኳኳ ያልከፈተ ሰው፣ ሌላ በር የከፈተላትን ሊወቅስ አይችልም።

ወሰነች ወይ ላሉኝ፣ የትናንቱን ሐሙስ እንዳለ ልንገርዎ። የምለውን በወረቀት ጽፌ ሄጄ ነበር። አክስትሽ ዘንድ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ሒሳብሽንም ታግዝሻለች፣ እኔ ምንም አልሆንም የሚል ነው። ጸሎቴም በዚያው መንገድ ነበር፤ ፈቃድህ ይሁን፣ እኔ ምንም አልሆንም። አሁን ሳስበው ለፈጣሪ እየዋሸሁ ነበር፤ ያውም ተንበርክኬ።

አነበብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ አራት ቦታ አጠፈችው።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

እትዬ፣ እኔ በቀን አሥራ አምስት ሰው ምን ትፈልጋለህ እላለሁ። ከላይ ይቀነስ፣ ከጎን ይነሳ፣ ጢሙ ይቅር? እኔን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ዓመት አለፈ። አማካሪዋን አየኋት፤ እሷ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«እንድትቀሪ» አልኩ። «ግን» ልል ነበር። ዋጥኩት።

ጭራሮ «ይኼን ለማለት ስድስት ወር ፈጀብህ?» አለች፤ ወንበሯንም ወደ እኔ ሳበችው። ትቀራለች፣ እትዬ። በየዓመቱ በእረፍት ግን ሦስት ሳምንት እርስዎ ጋ ናት፤ ራሷ ናት የቆረጠችው፣ ተከራክሬ አልተሳካልኝም። የእናቷንም ፎቶ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ ደንበኛ ሁሉ ማን ናት ይላል፣ እኔም እነግራለሁ።

የእርስዎን ቢጫ ክፍል ሳስብ ሆዴ ይባባል። በዚህ ደስታዬ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ይኼን የምለምንዎት አፍሬ ነው። የምነግራት እያለቀብኝ ነው። እኔ እህትዎን ያገኘኋት በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ጭራሮ ደግሞ የምትፈልጋት የአሥራ አምስት ዓመቷን እናቷን ነው። እሷን የሚያውቃት ከእርስዎ ሌላ የቀረ ሰው የለም። ይጻፉላት። ስሕተት የሌለበት ጽሕፈት ማንበብም ይልመድባት።

አክባሪዎ


ሰኔ 15

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን አላለቀስኩም። በማግስቱ ነው። ጎረቤቴ ዓይንሽ ምን ሆነ ስትለኝ የቀለሙ ሽታ ነው አልኳት። ቀለሙ ከደረቀ ሁለት ወር አልፎታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ደግ ሴት ስለሆነች መስኮቱን ከፈተችልኝ። መኪናውን ሰርዤዋለሁ። ሐምሌ ላይ ልጅቷን ላካት፤ ቢጫ ክፍል ይጠብቃታል።

እኔም ስለ ታናሼ አውርቼ አላውቅም። አንተን ስወቅስ የቆየሁበትን ጥፋት እዚሁ ቁጭ ብዬ ስሠራው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ለጭራሮ አንብብላት።

እናትሽ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ገና የተቀጠርኩ አስተማሪ ነኝ፤ የምታስተምሪው ክፍል ይኼ ነው ብለው የሰጡኝ የእሷን ክፍል ነው። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘች። ያስተማርኳት እኔ፣ የጣልኳትም እኔ። ወረቀቱን እንደተቀበለች ወጣችና በግቢው ካለው የውኃ ታንከር አናት ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ታንከሩ ሁለት ፎቅ ያህላል፤ የብረት መሰላል ተደግፎበታል። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ከታች ይጮሃል። ርእሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያ አስመጥቶ በስሟ ጠራት፤ እጇን አውለበለበችለት።

እኔ ላወርዳት ወጣሁ። በጠባብ ቀሚስ፣ በባለ ተረከዝ ጫማ፣ የምናገራትን በየደረጃው እያጠናሁ። ላይ ስደርስ እግሯን አንጠልጥላ ለውዝ ትበላለች። ዞር ብላ አየችኝና «ቁጭ በይ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ነፋሱ እውነትም ጥሩ ነበር። ከተማው እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይታያል። ለውዝ ሰጠችኝ። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አንዱ ጫማዬ አመለጠኝና ርእሰ መምህሩ አጠገብ ወደቀ፤ ያኔ ሁለታችንም በሳቅ ልንወድቅ ስንል አንገት ለአንገት ተያያዝን። ወደ ታች ስናይ፣ ጽዳት ሠራተኛው መሰላሉን አንስቶ ሌላ ቦታ ሊያቆመው ይዞት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ላቁም። ወረቀቱ አለቀ፣ መነጽሬም ጭጋግ ለብሷል።

አክስትሽ


ሰኔ 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤዎ የደረሰው ጠዋት፣ ሥራ በያዝኩበት ሰዓት ነው። ጭራሮ ከፖስተኛው እጅ ነጥቃ እዚያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። የታክሲ ሾፌሩ ወንበሬ ላይ ነበር፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ። ድምፅ ማጉያው ጋ ስትደርስ ሰውዬው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ምላጬን ወደ ላይ አንስቼ እስኪረጋ ጠበቅኩት። ጫማው ጋ ስትደርስ እኔም ምላጩን አስቀመጥኩ። ከደንበኛ ወንበር አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት ስኖር ይኼን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ትንሽ ቀናሁ። ከዚያ፣ ገና የማላውቀው የእሷ ነገር በዓለም ላይ ተርፎልኛል ማለት ነው ብዬ ሳስብ ልቤ ሞቀ። የዛሬ ጠዋት ጸሎቴ ይኼው ነበር፤ አጭር ነው።

አሁን ግን ሰላም አጥተናል። ሾፌሩ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ነው የሚወርዱት ብሎ ተወራረደ። ቀጥሎ የገባው ደንበኛ በገመድ ነው ይላል። እኔ ጽዳት ሠራተኛው ተመልሷል ባይ ነኝ። ጭራሮ ሁላችንንም፣ እናቴን አታውቋትም አለችን። ትናንት ሐሙስ ለአማካሪዋ አንብባላት፣ እሷም ሰዓቱ አልቆ እያለ በሩ ላይ አቁማ፣ መልሱ ሲመጣ ሳትነግሩኝ እንዳትቀሩ አለችን።

ጭራሮ ይኼን ጻፍልኝ ብላ አጠገቤ ቆማለች፤ ቃሉ የእሷ ነው፣ የእኔ ድፍረት አይደለም። «አክስቴ፣ ወረቀት ካለቀ ሌላ ወረቀት ይገዛል። እንዴት ወረዳችሁ?»